አሮጌው ሥርዓት

አዲሱ ሥርዓት ከተጫነ ወዲህ የጥልፍ ማሽኔ ዲዳ ናት፤
አሥራ ሁለት መርፌ ይዛ፣ ሥራ ፈታ፣ አቧራ የበላት።
ገመዷን ስሰካ ኮምፒውተሩ ያያታል በጎሪጥ፣
«ያልታወቀ መሣሪያ» ይላል፣ በር ላይ ያቆማታል ሳይደነግጥ።
ሃያ ዓመት ያበላችኝን፣ ቢያሊስቶክ ሙሉ የሚያውቃትን፣
ትናንት የመጣ ልጅ እግር ጠየቃት ማንነቷን።

የወንድሜ ልጅ ኢግናጺ ነው፣ ለገና ያመጣው ስጦታ፤
«አክስቴ፣ ዘመኑ አልፏል» ብሎ፣ አሮጌውን ጠርጎ በአንድ ማታ።
አዲሱ ያምራል፣ አልዋሽም፤ ግን ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል፣
በየሳምንቱ «ልታደስ» ይላል፤ ቁጭ ብዬ ቀኔ ያልፋል።

የእሳት አደጋ ፈቃደኞች፣ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር፣
ዓርማ አዝዘዋል፤ ቅዱስ ፍሎሪያን፣ በእጁ ባልዲ፣ ከእግሩ ሥር የሚነድ ሰፈር።
ቀብድ በልቻለሁ። ክሩ ተገዝቷል፤ ቀዩ ብቻ ዐሥር ጥቅል።
በእጄ ልጥለፈው እንዳልል፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደል።

ማክሰኞ ማታ ከመሳቢያው ያንን ዲስክ አወጣሁት፣
ጀርባውን በቀሚሴ ጫፍ እንደ መነጽር ወለወልሁት።
የሉድቪክ ጽሑፍ አለበት፣ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ፤
«አይጣል» ይላል። ዲስኩ አልተጣለም፤ ጻፊው ነው የጣለኝ፣ ቀድሞኝ ሞቶ።

የሚድነውን አስቀደምሁ፤ ንስሩን፣ በጉን፣ የሙሽራ ቀሚስ ጫፉን፣
ሦስት መቶ አሥር የጥልፍ ንድፍ፣ የሒሳብ መዝገቤን ከነትርፉ።
የቀረው ይቅር፤ በስሕተት ያነሣሁት የገዛ ጫማዬ ፎቶ፣
ያልከፈትሁት ደብዳቤ ሁሉ፤ ይሂድ ከነጓዙ ተጠርጎ ወጥቶ።

ከዚያ ጠየቀኝ፤ በነጭ ፊደል፣ በሰማያዊ መደብ ላይ፤
«በዚህ ዲስክ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?» አዎን ወይስ አይ?
በስልሳ አራት ዓመቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ማንም የለ፤
የጠፋው ሁሉ ሳያማክረኝ ነው፣ አንድ ቀን ድንገት የተነነ፣ የከሰለ።

ጣቴ ትንሽ ቆየች።
ጫንሁት።

መቶኛው ቀስ እያለ ይቆጥራል፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፤
ጠረጴዛው ሥር አንዳች ነገር ይፈጫል፣ እንደ አይጥ በሌሊት።
ጎረቤቴ ጼዛሪ አንኳኳ፣ እንቅልፍ የማይወስደው።
«ምን ታደርጊያለሽ በዚህ ሰዓት?»
«ወደ አሮጌው ሥርዓት እየተመለስሁ ነው።»
ሳቀ፣ ሳለ፣ ግድግዳ ተደገፈ፤ «የሥጋው ሰልፍ መጣ በይኛ!
ስኳርም በኩፖን? ንገሪኝ፣ ሳሙና ልግዛ ሳልተኛ።»
«ያኛው ስልክ ነበር የሚጠልፈው፤ ይሄኛው ጨርቅ ነው» አልሁት።
እየሳቀ ወረደ፤ ደረጃው ላይ ሳሉን ሰማሁት።

ንጋት ላይ ተነሣ። ድምፅ የለውም። ፊደሎቹ እንደ ጡብ ሰፋፊ።
የሰዓቱ ትንሽ ባትሪ ሞታ ኖሮ
ቀኑ ጃንዋሪ አንድ ነው፣ ሁለት ሺህ አንድ።
ረጅም እንቅልፍ የተኛ ሰው ይመስላል፣ ሌሊቱን ያልቆጠረ፤
ለእሱ ሉድቪክ ገና ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ያልታመመ፣ ያልተቀበረ።

ዓመቱን ላርም ተቀመጥሁ፤ ቀስቷ በአንድ መጫን አንድ ዓመት ትሄዳለች።
አንድ ስጫን ፋብሪካው ተዘጋ፣
የሽመና መኪኖቹ በኪሎ ተመዝነው ተሸጡ።
አራተኛው ላይ ኢግናጺ ተወለደ፣ ራሱ እንደ ሎሚ ሾጠጥ ያለ።
ሰባተኛው ምን እንደሆነ ጠፋኝ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምንም።
አሥራ አንደኛው ላይ እጄ ቆመ።
ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት።
ከዚህ ቀጥሎ ያለችውን ዓመት አውቃታለሁ።

ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ። ዓመቱን እዚያው ተውሁት።
ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ፣ በረዶ የሚጠርገውን ሰውዬ በመስኮት እያየሁ
ቀስ ብዬ ጠጣሁ።
አንድ ብርጭቆ እስኪያልቅ
ባለቤት ነበረኝ።

የቀሩትን አሥራ ሁለት በአንድ ትንፋሽ ጫንኋቸው።

ገመዷን ሰካሁ። ማን ነሽ አላላትም።
መርፌዎቿ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጡ፣ ቀዩን ክር ሳቡ፤
መጀመሪያ እሳቱን ጠለፈች።
ውሃው ነገ ይደርሳል።